ዳለቻ እንድታርፍ

ጋሽ ሲራጅ የታመመች ውሻቸውን ማዳበሪያ ላይ አስተኝተው ከሚሴ መግቢያ መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ከጨፋ ያመጣቸው ጋሪ ወደ ገበያ ታጥፏል። ባጃጁ ሁሉ ውሻዋን እያየ ያልፋቸዋል። አንዱ ቆመና፣

«አባባ፣ እርስዎን ልውሰድ፤ ውሻማ አልጭንም። ወንበሩን ማን ያጥብልኛል?» አለ።

ጋሽ ሲራጅ አልተቆጡም፤ ቁጣም ጉልበት ይፈልጋል። ማሽላው እሸት ከያዘ ወዲህ ከማማ ወርደው ጎናቸውን በቅጡ አላሳረፉም።

«እኔ አጥብልሃለሁ፤ ጫናቸው» አለች ከኋላ የደረሰች ሴት። የእንስሳት ሐኪሟ ኢልሃም ነበረች፤ ከብቶቻቸውን ስትከትብ ያውቋታል። «አከም ጅርቱ፣ ጋሽ ሲራጅ?» ስትል በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቀች።

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔስ ደህና ነኝ፤ ይቺ ናት እንጂ።»

ውሻቸውን ዳለቻን ያገኟት ካቻምና ክረምት ነው። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ፣ ውኃው ካመጣው ግንድ ጋር ተጣብቃ ስታለቅስ ሰምተው፣ እስከ ደረታቸው ገብተው አወጧት። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ናቸው። ከዚያ ወዲያ ዝንጀሮን ከማሽላው የምታባርር እሷ፣ ከማማው ላይ የሚጮኹት እሳቸው ሆኑ። ሰሞኑን ግን ሳል ያዛት፤ ከሳች፤ ዝንጀሮ ስታሳድድም ጉልበቷ ከዳት።

ባጃጁ ጫናቸው። ኢልሃም ክሊኒኳ ውስጥ ከዳለቻ እግር ጥቂት ደም ቀዳችና በማይክሮስኮፑ እንዲያዩ ጋበዘቻቸው። ጋሽ ሲራጅ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱ። ክር የመሰለ ነገር በደሙ መሀል ይርመሰመሳል።

«አዑዙ ቢላህ! ምንድን ነው?»

«የልብ ትል ልጆች ናቸው። ትልልቆቹ ልቧና የሳንባዋ የደም ሥር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከስንዝር ይረዝማሉ።»

«የጎርፉን ውኃ ጠጥታ ይሆናል።»

«የለም፣ በመጠጥ አይመጣም። ቢንቢ ናት የምታመጣው። ከታመመ ውሻ ደም ትመጥና ጤነኛውን ስትነክስ ታስገባበታለች። እናንተ ዘንድ ደግሞ ውኃው ተኝቶ ነው የሚከርመው።»

«ታዲያ ለከብቱ የምትወጊውን የትል መድኃኒት ውጊያትና ልሂድ፤ ማማው ባዶ ነው።»

«የከብቱ መጠን ለእሷ መርዝ ነው፤ አደራ፣ ቤት ያለውን እንዳይሞክሩ! እኔ በሚዛኗ ልክ የሚዋጥ እሰጥዎታለሁ። ትልልቆቹን ባንዴ የሚገድለው መርፌ እዚህ አይገኝም፤ በዚህኛው ቀስ እያሉ ነው የሚሞቱት። ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልጋት ግን ዕረፍት ነው። ታስራ፣ ጥላ ስር፣ ለብዙ ወራት።»

ጋሽ ሲራጅ ደክሟቸውም ሳቁ። «ውሻ አስሬ ልቀልብ? ልጄ፣ በሽታ በላብ ነው የሚወጣው። እኛ ወባ እንኳ ይዞን አርሰናል።»

«አርሳችኋል፤ የሞተውስ ስንት ነው? ትሉ ሲሞት ቁርጥራጩ በደም ሥሯ ይሄዳል። ከሮጠች ደሙ ይገፋውና ሳንባዋ ላይ ይወትፈዋል። ያኔ ማንም አያድናትም።»

«እሷ ካረፈችማ እኔ ሞትኩ።»

«ሙሀመድኑር ማሳው ከእርስዎ ጋር ድንበርተኛ አይደለም?»

«ነው። እሱም የራሱ ማማ አለው።»

«የሚጠብቀው የትኞቹን ዝንጀሮዎች ነው?»

ጋሽ ሲራጅ ዳለቻን በማዳበሪያው ጠቀለሏት። ከዚያም «የራስህን ማሳ በራስህ ዓይን ጠብቅ ያለኝ አባቴ ነው» ብለው መድኃኒቱን ተቀበሉ።

ሰው የለመደውን ድካም እንደ ርስት ይይዘዋል፤ ቀንሱልኝ ማለት ያሳፍረዋል። ጋሽ ሲራጅም ዳለቻን ደጃፋቸው ካለው ግራር ስር አስረው ብቻቸውን ማማ ላይ ወጡ። ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ፤ ክንዳቸው እስኪዝል ወነጨፉ። ዝንጀሮዎቹ ግን ውሻ እንደሌለ ሲያውቁ በጠራራ ፀሐይ እየገቡ እሸቱን ያወርዱት ጀመር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጋሽ ሲራጅ ተስፋ ቆረጡና ከማማው ወርደው ገመዱን ፈቱት።

ዳለቻ እንደ ድሮዋ ተወረወረች። ከማሳው መሀል ግን አልደረሰችም፤ ሳሏ ቀደማት፤ ደም ተፋችና ተዘረጋች። ሽማግሌው ደርሰው አጠገቧ ተቀመጡ። ከራሱ ማማ ሆኖ ያየው ሙሀመድኑር እየሮጠ መጣ። ምንም ሳይጠይቅ ኩታውን አውልቆ ውሻዋን ጠቀለለና ተሸክሞ ወደ ጥላው መለሳት።

«ኩታህን አረከስኩብህ» አሉ ጋሽ ሲራጅ።

«ይታጠባል። እርስዎ ግን ለምን አልጠሩኝም?»

«ባስቸግርህስ ብዬ።»

«እኔም እኮ ቀኑን ሙሉ እየጮኽኩ ነው። ድምፅዎን እሰማለሁ፤ ያው አንድ መንጋ ከእርስዎ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እርስዎ ስንገፋ ነው የምንውለው።»

ጋሽ ሲራጅ መሬት መሬት አዩ። «ሐኪሟም ይኼንኑ ነበር ያለችኝ። እንግዲያስ ረፋዱን እኔ ልጠብቅ፤ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ አንተ። እሺ ትላለህ?»

«እሺ! ከአላህ ጋር።»

ዳለቻ ለጥቂት ተረፈች። ኢልሃም እየመጣች አየቻት፤ መድኃኒቱም ሳይቋረጥ ቀጠለ። በዚያው ሁለቱ ጎረቤታሞች በቤቶቻቸው መካከል ተኝቶ የነበረውን ውኃ ቦይ ቀድደው አፈሰሱት፤ የቢንቢው ብዛትም ቀነሰ። የሙሀመድኑር የቤት ጠባቂ ውሻም ተመርምሮ ገና ጤነኛ ስለነበር በየወሩ የሚሰጠውን መከላከያ ጀመረ። አንዱ ማማ ላይ ሲሆን ሌላው ያርፋል፤ ከዝንጀሮ የተረፈው ማሽላም ከፈሩት በላይ ሆነ። ዳለቻ ሳሏ ቢቀንስም ገና አልዳነችም፤ ኢልሃም «ገና ነው፣ አትፍቷት» ትላለች፤ ጋሽ ሲራጅም አይከራከሩም።

በተራ መጠበቅ የጀመሩበት የመጀመሪያው ቀን ግን ለጋሽ ሲራጅ ከብዷቸው ነበር። ዙሁር ሰግደው ደጃፋቸው ላይ ቁርበት ዘርግተው ጋደም አሉ። ከማሳው በኩል ሙሀመድኑር ሲጮኽ ሰሙና በልማድ ብድግ ሊሉ ክንዳቸውን ተመረኮዙ። ዳለቻ ከግራሩ ስር አየቻቸው፤ አልተነሳችም። እሳቸውም መልሰው ተኙ፤ ከሰዓት በኋላ የአሱር ሰላት አዛን እስኪቀሰቅሳቸው ድረስ አልነቁም።