ለአዲስ ቤት የገዥ ደላላ

በ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ እኔና ወጣቱ መምህር ኤሊያስ ከሆሳዕና ገበያ ስንመለስ ዝናብ ያዘንና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠለልን። ወዲያው አቶ ጠና መጥተው ተጠጉን። የሞርሲቶ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ጵርስቅላ በመስከረም ዘጠነኛ ክፍል ስለምትገባ፣ ያላቸውን አሟጠው ከተማ ቤት ሊገዙ ተነሥተዋል።

«ተገኘ እኮ፤ አቶ ወንዳፈረው ለሠሩት አዲስ ቤት ነገ ውል እፈራረማለሁ» አሉ። «አፈሩ ጥቁር ነው፣ ለም ነው። እንሰት ቢተከልበት ያምራል።»

«እሰይ፣ ጋሽ ጠና። ደላላስ ይዘዋል?» አለ ኤሊያስ።

«ለአዲስ ቤት ደላላ ምን ያደርጋል? አሮጌ ቢሆን ጉድ አይጠፋውም ነበር። ደግሞም ወንጌሉ ለሁለት ጌቶች መገዛት አይቻልም ይላል፤ ደላላ ከሻጭም ከገዥም ይበላል። አቶ ወንዳፈረውም በመካከላችን ሰው አይግባ ብለውኛል።»

ሻጭ ሰው አይግባ ካለማ መግባት አለበት አልሁ በልቤ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ኤሊያስ ግን ትዕግሥት አለው።

«ጋሽ ጠና፣ ልጅ ሲድሩ ብቻዎን ይነጋገራሉ?»

«ሽማግሌ እያለ ምን በወጣኝ?»

«የወንዱ ወገን የላካቸው ሽማግሌዎች ይበቁዎታል?»

«አይበቁኝም። የራሴን አስቀምጣለሁ።»

«እንግዲያው ለቤቱም የራስዎን ያስቀምጡ። የድካሙን ዋጋ እርስዎ ብቻ ይክፈሉት፤ ያኔ ጌታው አንድ ይሆናል። አዲስ ነው ስለሚሉትም፣ የአሮጌ ቤትን ጉድ የኖረበት ሰው ያወራል። አዲሱን ቤት ግን ክረምት ምን እንደሚያደርገው ማን ይነግርዎታል?»

አቶ ጠና መረታት አይወዱም። ዝናቡ ሲያባራ ግን «በል፣ የምትለውን ሰው አሳየኝ» አሉ።

ኤሊያስ ያመጣው ደላላ ባፈና ወሬ አያበዛም። ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረና ከማዕዘኑ ሥር ብረት ቢሰካ፣ ያለ ድካም አንድ ክንድ ያህል ገባ። ቀጥሎ ጎረቤቲቱን ወይዘሮ ትርፊትን ጠየቀ። ቦታው እስከ አምና ድረስ ፍግ ሲደፋበት የኖረ የእንሰት ጓሮ ነበር፤ ቤቱም ያለ ድንጋይ መሠረት ነው የቆመው።

አቶ ጠና ክው አሉ። «አርባ ዓመት እንሰት ተክዬ እንዴት ይህ ጠፋኝ?»

«አልጠፋዎትም» አለ ባፈና። «እርስዎ አፈሩን ያዩት ለተክል ነው፤ እኔ ለቤት ነው ያየሁት።»

አቶ ወንዳፈረው መሠረቱን ያስተካክሉ ቢባሉ አኮረፉ፤ ውሉም ቀረ። ባፈና በሳምንቱ ጠበብ ያለች፣ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመች ሌላ አዲስ ቤት አገኘላቸው። የገዥ ደላላ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ገዥ የማያየውን ያያል፣ ይሉኝታ ይዞት የማይጠይቀውን ይጠይቃል፣ ፊርማ ሳያርፍ ያስቆማል።

ያ የፊተኛው ቤት ገዥ ሳያገኝ ከርሞ፣ በበልግ ዝናብ በአንድ ወገን ሰመጠ። አቶ ጠና አይተውት ሲመለሱ እኔና ኤሊያስ ቤታቸው ነበርን። ጵርስቅላ ጥግ ይዛ ታጠናለች።

«የትኛው ወገን ነው የሰመጠው?» አልኋቸው።

«ለእሷ ያሰብሁት ክፍል» አሉ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዳትሰማ» አሉን።