ፍርሃትዎን ይንገሩኝ

የአናጺውን ሴት ልጅ ቀብረን ስንመለስ ዝናብ ያዘንና ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊው ጋር የጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተጠለልን። ልጅቱን የወሰዳት ኩፍኝ ነበር።

«ያ የእርጅና ልጅዎ ተከትቧል?» አልኳቸው።

«ተዉኝ፣ መምህር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ታላቁ ሲከተብ ሰውነቱ እንደ እሳት ነደደ። ይዤው ወደዚሁ ጤና ጣቢያ ብመጣ የድሮዎቹ ነርሶች ‹መርዝ የሰጠንህ መሰለህ?› ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ።»

በዚህ መሃል ነርሷ በሩን ከፍታ «ብርድ ላይ ከምትቆሙ ግቡ» አለችን። ወጣት ናት፤ ወደ ሰፈራችን ከተዛወረች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ክፍሉ የድሮው አልነበረም። የመርፌው ጠረጴዛ ከመጋረጃ ጀርባ ገብቷል፤ እናቶች ተሰልፈው ይገላመጡበት የነበረው ቦታ አግዳሚ ወንበር ተደርጎበታል።

«ልትሰብኪኝ ከሆነ፣ ልጄ፣ ጆሮዬ ሞልቷል» አሏት ልብስ ሰፊው።

«አይ፣ ጋሼ። መጀመሪያ የሚያስፈራዎትን ይንገሩኝ።»

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት፤ አላቋረጠቻቸውም።

«ትኩሳቱ እውነት ነው» አለች። «አንዳንድ ልጆችን ያተኩሳቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። አስቀድሞ አለመንገርና ማዋረድ ግን የእኛ ጥፋት ነው። ይቅርታ።»

«እሺ፣ አሁን አምጣውና ልውጋው ልትዪኝ ነው?»

«ዛሬ አይደለም። ከባለቤትዎ ጋር መጥታችሁ ሌሎች ሲከተቡ ተቀምጣችሁ እዩ። ከወሰናችሁ እናቱ ታቅፈዋለች፤ ከተከተበም በኋላ እዚሁ አብረን እንቆያለን። ቤት ገብቶ ቢያተኩሰው ይደውሉልኝ፤ ባስ ካለ ይዘውት ይምጡ።»

«ባይከተብስ?»

«በሽታው ደጃችን ነው፣ ጋሼ። ያልተከተበውን አይምርም።»

ልብስ ሰፊው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። «አናጺውን ‹ተው፣ አታስከትባት› ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ነርሷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

በማግስቱ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው አዩ፤ ቀጥሎም ልጁን አመጡት። አተኮሰው፤ ደወሉ፤ በረደለት። በዚያ ክረምት ኩፍኙ ብዙ ደጅ ሲያንኳኳ የእሳቸውን አለፈ። ለአናጺው ጥፋታቸውን ሄደው ቢናዘዙም ሰላምታቸውን ዛሬም አይመልስላቸውም።

እኔ ግን ይህን ተማርኩ፤ ወላጅ ከክትባት የሚሸሸው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። የተዋረደበትን ደጅ ተመልሶ አይረግጥም። ያከበሩት ሰው ይጠይቃል፤ የጠየቀ ያምናል፤ ልጅም ይተርፋል።

ልብስ ሰፊው አሁን ለልጇ ልብስ ልታሰፋ የመጣችውን ሁሉ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ እንዲህ ይሏታል፦ «ፍርሃትሽን ይዘሽ ሂጂና ጠይቂበት። እቤት አስቀምጠሽ ልጅ አትቅበሪበት።»