«ሌሎች» የሚባል ምድብ የለም

«የእንጉዳይ ክፍል በዕፅዋት ክፍል ሥር ይጠቃለላል። ናሙናዎቹ ‹ሌሎች› በሚል መለያ ይቀመጣሉ። የክፍሉ ኃላፊ የሥራ መደብ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ተሰርዟል።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ ከዲኑ ቢሮ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር አለው። እውነት ያላት ሦስተኛዋ ብቻ ናት፤ እሷም እኔን የምታሰናብተው ናት። በአንድ ወረቀት የእኔም መደብ፣ የእንጉዳዮቹም ምድብ ጠፋ።

ወንበሩን ለደረደራችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በኬኩ ላይ ስሜን ሳትሳሳት ላስጻፈችው ጸሐፊያችን ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። በዚህ ግቢ ስም አጥርቶ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው።

እንጉዳይ ተክል አይደለም። ተክል ምግቡን ከፀሐይ ብርሃን ይሠራል። እንጉዳይ እንደ እኛ ሌላው ያዘጋጀውን ይበላል። የሴሉ ግድግዳም የጥንዚዛ ቅርፊት ከተሠራበት ነገር የተሠራ ነው። ይህንን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቢስት ፈተና ይወድቃል። ዲን ቢስትስ? ደብዳቤ ይፈርማል።

በምሳ ክፍላችን የዕፅዋት ሰዎች በመስኮቱ በኩል ትቀመጣላችሁ፤ የእንስሳት ሰዎች በበሩ በኩል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሳህኔን ይዤ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። ክፉዎች አልነበራችሁም። የዕፅዋቶቹ «እንስሳት ጋ ይቀመጣል» ሲሉ፣ የእንስሳቱ «ዕፅዋት ጋ ነው» ሲሉ ነው። በኋላ ምሳዬን በናሙና ክፍሌ፣ ከእንጉዳይ ሳጥኖቼ ጋር መብላት ለመድኩ።

ያን ክፍል የምታጸዳው እህታችን አንድ ቀን መወልወያዋን አቁማ፣

«ጋሼ፣ እነዚህ እንስሳ ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም።»

«ተክል ናቸዋ?»

«አይደሉም።»

«ውይ፣ ዘመድም የላቸው?»

«አላቸው። ከዛፍ ይልቅ ለእኔና ላንቺ ይቀርባሉ።»

ትንሽ አሰበችና፣ «ታዲያ ለምን ሰው አይጠይቃቸውም?» አለች።

ጥያቄዋን ዛሬ ለእናንተ አቀርባለሁ።

አሁን ወደተናደድኩበት ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ የዕፅዋት ክፍል ኃላፊው፣ ወዳጄ ነው፣ ርክክቡን ለማፋጠን ብሎ አንዷን ናሙና እንደ ቅጠል በጋዜጣ መሀል አድርጎ በመጭመቂያው አጠበቃት። ቅጠል ሲጨመቅ ይደርቃል፤ መልኩም ይቀራል። እንጉዳይ ሲጨመቅ ግን ማንነቱ የሚታወቅባቸው፣ ከቆቡ ሥር ያሉት ስስ ንጣፎች ይደቅቃሉ። ስደርስ ወረቀት ሆናለች።

«ምን አረግኩ? አራት ሺህ አለህ አይደል?» አለኝ።

አዎ፣ አራት ሺህ አለኝ። እሷ ግን የመጀመሪያዋ ነበረች። ገና በተቀጠርኩ ሳምንት፣ ከመምህሬ ጋር ከወደቀ ግንድ ሥር ያገኘናት። ያን ቀን ስሟን ስላላወቅሁ በመለያው ላይ «ልዩ ልዩ» ብዬ ጽፌ ነበር። መምህሬ ወረቀቱን ቀደዱት። «ሳታይ ነው የጻፍከው» አሉኝ። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ሲባል አልሰማህም? ቤቱ እኛ ነን። እኛ ‹ልዩ ልዩ› ካልናቸው ማን ስም ያወጣላቸዋል?» ስሟን ለማግኘት አምስት ወር ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ መለያ በእጄ ጽፌ አላውቅም።

ወዳጄ ሆይ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። መጭመቂያውን ግን አርቀው።

ለሁላችሁም የምመኘው ይህን ነው። እጃችሁ አይዛል፤ ዓይናችሁ አይድከም። የለፋችሁበት ሥራ ሰነፍ እጅ ላይ አይውደቅ። ሳህናችሁን ይዛችሁ ስትቆሙም «እዚህ ጋ ና» የሚላችሁ አትጡ።

ክቡር ዲን፣ ከፊት ተቀምጠዋልና ለእርስዎ አንድ ነገር ይቀረኛል። ናሙናዎቹ በራሳቸው ምድብ፣ በራሳቸው ስም፣ ሳይጨመቁ በሳጥናቸው እንደሚቆዩ እስከ ሰኔ ዐሥራ አምስት ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። በቃል አልቀበልም። ቢሮ ስለሌለኝ ደብዳቤው ወደ ቤቴ ይላክ። መልእክተኛው ደወል አይደውል፤ ገበያ ወጥቼ እንደሆነ የሚከፍትለት ሰው የለም። በበሩ ሥር ያስገባው። አገኘዋለሁ።