የግራው ማንገቻ

(አዲስ አበባ፤ የንግድ ውድድርን በሚከታተል አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፤ አንቀልባ ሰፊዋ ወይዘሮ የሺመቤት ካርቶን ታቅፈው ከወጣቱ መርማሪ ከፍሬስብሐት ፊት ተቀምጠዋል።)

ፍሬስብሐት፦ በየካቲቱ አቤቱታ «ደጃፌ የተባለው የኦንላይን ገበያ አንቀልባዬን አስመስሎ አሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ የእኔን ደግሞ ማንም ወደማያየው ገጽ ወረወረው» ይላሉ። በዛሬው ደብዳቤ ደግሞ «ሽያጬ የቀነሰው በገበያው ፍላጎት መዋዠቅ መሆኑን ተረድቼ አቤቱታዬን ትቻለሁ» ይላሉ። እትዬ የሺመቤት፣ ሁለቱም ላይ ፊርማዎ አለ። የትኛውን ልመን?

የሺመቤት፦ የኋለኛውን።

ፍሬስብሐት፦ «መዋዠቅ» ምንድን ነው?

የሺመቤት፦ ፈተና ልታስቀምጠኝ ነው? ማኅተምህን ምታልኝና ልሂድ።

ፍሬስብሐት፦ ማን ጻፈልዎት?

የሺመቤት፦ ተጽፎ መጣ። ልጄ፣ አትመርምረኝ።

ፍሬስብሐት፦ የተቀጠርኩት ለዚሁ ነው።

የሺመቤት፦ ሌላ ሰው መርምር እንግዲያ።

ፍሬስብሐት፦ ማን ቀረና? አሥራ ሁለት ሻጮች ነበራችሁ፤ አሥራ አንዱ ትተዋል። ችሎቱ ሐሙስ ነው። እርስዎም ከተዉት መዝገቡ ይዘጋል። የሰው ዕቃ የሚያሻሽጥ ድርጅት የሻጮቹን ገበያ እያየ የራሱን አስመስሎ እንዳያቀርብ የሚከለክለው ረቂቅ መመሪያም አብሮ ይቀበራል።

የሺመቤት፦ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብላችሁ ሰበሰባችሁን። ድሩ ተበጣጠሰ፤ አንበሳው እንዳለ ነው።

ፍሬስብሐት፦ እነሱም የሚሉት አላቸው፤ አልደብቅዎትም። «አንቀልባ የአገር ነው፤ የማንም የግል ፈጠራ አይደለም» ብለዋል። መመሪያው ከወጣ ደግሞ መጋዘናቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። በሠላሳ አገር ይነግዳሉ፤ የእኛ ትንሹ ገበያቸው ነው። ዕቃ ለሚያደርሱላቸው ሞተረኞች ግን እንጀራቸው ነው።

የሺመቤት፦ አየህ? ግማሽህ ከነሱ ጋር ነው።

ፍሬስብሐት፦ እውነቱን ነው የምፈልገው። ያለ ምስክር ደግሞ አላገኘውም።

የሺመቤት፦ ጅብን ሲወጉ በአህያ ተጠግተው ነው አሉ። አህያዋ እኔ ነኝ አይደል?

ፍሬስብሐት፦ እንደዚያ አላሰብኩትም።

የሺመቤት፦ አህያዋ አስባበታለች።

ፍሬስብሐት፦ ካርቶኑ ምንድን ነው?

የሺመቤት፦ ቅዳሜ ለልጄ ለማኅደር የደረሳት ነው፤ ማንም ሳያዝዘው። የተለጠፈበትን አንብበው።

ፍሬስብሐት፦ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ቡናማ በር። መጥሪያው አይሠራም፤ በድንጋይ ይንኳኳ።» የቤት ቁጥር በሌለበት ሰፈር ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስጽፈው።

የሺመቤት፦ እዚያ ቤት ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። እኔ እናቷ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል።

ፍሬስብሐት፦ ከነሱ አንድ ነገር ገዝታ ይሆናላ።

የሺመቤት፦ መጋረጃ ገዝታለች። ከዚያ ለማቅለሽለሽ የሚሆን የዝንጅብል ከረሜላ። ክፈተው አሁን።

ፍሬስብሐት፦ አንቀልባ!

የሺመቤት፦ ማኅደር ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ከእኔና ከባሏ በቀር የሰማ የለም። በእኛ ዘንድ ልጅ ሳይወለድ አንቀልባ ቤት አይገባም፤ ሟርት ነው። ሃያ ዓመት የሰፋሁት እኔ እንኳ ለልጅ ልጄ መርፌ አላነሳሁም። ከሥሩ ይህ ደብዳቤ ነበር፤ የፊርማዬ ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ።

ፍሬስብሐት፦ የማስፈራሪያ ቃል ነበረበት?

የሺመቤት፦ ምንም። ካርዱ ላይ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል።

ፍሬስብሐት፦ ማኅደርስ ምን አለች?

የሺመቤት፦ «እማ፣ ፈርሚ።» ከዚያ ወዲህ በሩን ለእኔም የምትከፍተው ድምፄን ሰምታ ነው።

ፍሬስብሐት፦ እትዬ... ይኼ የግራው ማንገቻ አላጠረም?

የሺመቤት፦ የምን ማጠር?

ፍሬስብሐት፦ ጫፍ ለጫፍ ሳገጥማቸው በሁለት ጣት ያንሳል።

የሺመቤት፦ እስቲ አምጣው። እኔስ ቅዳሜ በእጄም አልነካሁት። ወይ ጉድ!

ፍሬስብሐት፦ ምነው?

የሺመቤት፦ በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ የግራ ትከሻዬ ዘንበል እንዳለ ቀረ። የመጀመሪያውን አንቀልባ በራሴ ገላ ለክቼ ቆረጥኩ፤ እስከ ዛሬ የምከተለው ያንኑ ልክ ነው። ሲቋጥሩት ስለማይታወቅ አላረምኩትም። እነዚህ ጥፋቴንም ሳይቀር ገልብጠውታል! አንቀልባውስ የአገር ይሁን፤ ትከሻው ግን የእኔ ነው።

ፍሬስብሐት፦ ሐሙስ ይህን ቢናገሩ መልስ የላቸውም። ግን አልጫንዎትም። ለማኅደር የማጥረው አጥር የለኝም። ፖሊስ ጋ ብሄድ «እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?» ይሉኛል። ቢተዉት አልፈርድብዎትም።

የሺመቤት፦ ብተወው ቡናማውን በር ይረሱታል?

ፍሬስብሐት፦ አይረሱትም።

የሺመቤት፦ ስትዋሽ ደስ ባለኝ ነበር።

ፍሬስብሐት፦ የዛሬውን ደብዳቤ ልቅደደው?

የሺመቤት፦ አትቅደደው! ካርቶኑ ውስጥ ክተተው፤ እሱም ሐሙስ ይመጣል። ማኅደርን ዛሬውኑ ወደ ቤቴ አመጣታለሁ።

ፍሬስብሐት፦ የእርስዎን ቤት አያውቁትም?

የሺመቤት፦ የምሰፋበትን ክር ቤቴ ድረስ ያመላለሱልኝ እነሱ አይደሉ? ጻፍ ልጄ፦ የሺመቤት ወልደየስ ሐሙስ ትመሰክራለች። አድራሻ ለሚለው አትጨነቅ፤ እነሱ ዘንድ አለ።