የጫካዋ ሳቢሳ

አምቦ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ለሊሴ የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቷን ይዛ እያለቀሰች መጣች። ተቀብዬ አነበብኩት። ምንባቡ እስያ ውስጥ ስለምትገኝ አንዲት የሳቢሳ ወፍ ነው፤ ቡናማ ናት፣ ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ትኖራለች፣ የረገፈ ቅጠል እየገለጠች ትል ትለቅማለች፣ ሰው ሲመጣባት ደግሞ አንገቷን ወደ ላይ ቀስራ እንደ ጉቶ ድርቅ ትላለች። «የት ትኖራለች?» ይላል ጥያቄው። ልጄ «ጫካ» ብላ መልሳለች። በቀይ ኤክስ ተደርጎባታል!

የነርስ ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ ልጄን እጇን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩን ክፍሉ በር ላይ አገኘሁትና ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«ሲስተር፣ ሳቢሳ እኮ የውሃ ዳር ወፍ ናት። ሁሉቃ ወንዝ ወርደው ቢያዩ...»

«ቲቸር፣ ስለ ሁሉቃ ሳቢሳ ማን ጠየቀዎት? ምንባቡን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት። ለመሆኑ አንብበውታል?»

ወረቀቱን ተቀብሎ ምንባቡን አነበበ። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ ድምፁን ቀነሰ። «እሺ፣ ለለሊሴ አርምላታለሁ። ለሌሎቹ ግን እንዳይነግሩብኝ።»

ደሜ የፈላው ይሄኔ ነው። የእኔ ልጅ እናቷ ስለጮኸችላት ልታገኝ፣ የሌላው ልጅ በትክክል መልሶ ሊቀርበት? በሩን ገፍቼ ገባሁ።

«ኢጆሌ! ጫካ ብላችሁ ጽፋችሁ ኤክስ የተደረገባችሁ ልጆች፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ተነሱ!»

የክፍሉ ግማሽ ብድግ አለ። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና፣ እኔ እዚያው ቆሜ እያየሁት፣ ከፊተኛው ዴስክ ጀምሮ አንድ በአንድ አረመ።