ታብሌትም በልክ ነው

ዝናቡ ድንገት ባይወርድ ኖሮ ጋሽ ሜትሮ የዚያን ሱቅ ደፍ በዕድሜያቸው አይረግጡም ነበር። ጥቁር ክር ገዝተው ሲመለሱ ሰማዩ ተቀደደባቸውና ክራቸውን በቡናማ ኮታቸው ሥር ሸሽገው ካገኙት በር ዘው ብለው ገቡ። ቀና ብለው ሲያዩ ግድግዳው ሁሉ ስልክና ኮምፒዩተር ነው። «ከዝናብ ሸሽቼ ከባሕር ገባሁ» አሉ በልባቸው።

ጋሽ ሜትሮ የታወቁ ልብስ ሰፊ ናቸው። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፤ ጡረታ ወጡ ከተባለ በኋላም አልወረደም፤ ስሙም የወጣላቸው ከዚሁ ነው። ሰው ሰላም ሲላቸው እንኳ ዓይናቸው አስቀድሞ ትከሻውን ይለካል። በቀኝ እጃቸው መሃል ጣት ላይ ደግሞ መርፌ የሚገፉባት የብረት ቆብ አለች፤ እሷንም ለመኝታ ካልሆነ አያወልቋትም።

ባንኮኒው አጠገብ የጎረቤታቸው ልጅ ቆማለች። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የምታስተምር፣ ሰፈሩ ሁሉ «መምህርት» እያለ የሚጠራት፣ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን ግን እሳቸው የሰፉላት ልጅ ናት። የትምህርት ቤቷን ዕቃ ልታስጠግን መጥታ ነው። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ጤናቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ የዓይናቸውን ነገር ሁሉ ጠየቀች። «እትዬስ እንዴት ናቸው?» ስትል ግን ጋሽ ሜትሮ የሜትራቸውን ጫፍ ይጠቀልሉ ገቡ።

እትዬ ታላቅ እህታቸው ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ ያሳደጓቸው፣ እጃቸውን ይዘው ወደ ስፌት ፋብሪካ ያስገቧቸው፣ መርፌ ያስያዟቸው እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሩቅ ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ጆሯቸው ጨርሶ እምቢ ካለ ሁለት ዓመት ሆነው።

«ስደውልላት እህ? እህ? ትላለች» አሉ ጋሽ ሜትሮ። «እኔ እጮኻለሁ፤ ጎረቤት ሰው ታነቀ ብሎ በሬን ያንኳኳል። ስልችት ብሎኝ ከተውኩት ዓመት አለፈኝ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ምን ብላ ላከችብኝ መሰለሽ? ‹ወንድሜን ምን ብበድለው ነው እንዲህ የተቀየመኝ?›»

እናት የሆኑላቸው እህት በቂም ጠርጥረዋቸው ከዚህ ዓለም ቢሄዱስ? ከሳምንት ወዲህ እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ነበር፤ ለማንም ግን አላወሩትም።

የመምህርት ዓይን በራ። ታብሌት ይግዙ፣ ከእትዬ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ያውሩ፣ ቀላል ነው፣ እኔ አሳይዎታለሁ እያለች እጇን እያወናጨፈች ታስረዳ ጀመር። ጋሽ ሜትሮ እስክትጨርስ በትዕግሥት ጠበቋት።

«ሲያረጁ አንባር ይዋጁ ማለት ይኼ ነው» አሉ። «በሰባ ሦስት ዓመቴ የልጆች መጫወቻ ታቅፌ ልቀመጥ?»

«ጋሼ፣ መነጽርዎንስ በስንት ዓመትዎ ነው የገዙት?»

«በሃምሳ አምስት። ዓይኔ ሲደክም።»

«ለደከመ ዓይን መነጽር ነውር ካልሆነ፣ ለራቀች እህት ይኼ ለምን ነውር ይሆናል?»

«መነጽር ሌባ አያስገባም፣ ልጄ። በዚህ ነገር ገብተው የሰው ገንዘብ ይወስዳሉ ሲባል እሰማለሁ።»

«እውነት ነው፤ የሚገቡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሳችን ስንከፍትላቸው ነው። የማያውቁት ሰው በርዎን ቢያንኳኳ ዝም ብለው ያስገቡታል? የማያውቁት መልእክት ሲመጣ አይክፈቱት፤ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን አይንገሩ።»

«ይሁን። የማትሰማ ሴት ግን የኔን ፊት አይታ ምን ትጠቀማለች? ፎቶዬ አላት እኮ።»

የተማረ ሰው መልስ ሲያጠረው ዕቃ ያሳያል፤ መምህርትም ወደ መደርደሪያው ዞራ ባለሱቁን በእጇ ጠራችው።

በዚህ መሃል ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ቆርቆሮውን ይደበድበው ገባ። ባለሱቁ ከወዲያ ጥግ ለሚስቱ አንድ ነገር ተናገረ፤ እሷ እንኳ ጆሮዋን ካላስጠጋች አትሰማውም። ጋሽ ሜትሮ ግን ከት ብለው ሳቁ።

«ስድስት ወር ሳይሸጥ የከረመውን አምጪላቸው፣ ሽማግሌው አያውቁም አልካት አይደል?» አሉት ጠጋ ብለው።

ባለሱቁ የሚገባበት ጠፋው። መምህርትም በዚህ ሁሉ ጫጫታ እንዴት ሊሰሙት እንደቻሉ ጠየቀች።

«አልሰማሁትም። ከንፈሩን ነው ያየሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ የስፌት ፋብሪካ አርባ መኪና በአንድ አዳራሽ ይጮኻል፤ ሰው የራሱን ሳል አይሰማም። ሠራተኞቹ ታዲያ በከንፈርና በእጅ መነጋገር ለመዱ። ትከሻን በሁለት ጣት መታ መታ ማድረግ «አለቃ መጣ» ነው፤ ሁለት ቡጢ አጋጥሞ ወዲያና ወዲህ መሳብ «ፍታና ድገም» ነው። ሐሜቱ፣ ቀልዱ፣ ሽምግልናው ሳይቀር በዚሁ ያልቅ ነበር።

«እኔን እትዬ ናት ያስተማረችኝ» አሉ ጋሽ ሜትሮ። «ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ ሆና ትቆጣኝ ነበር፤ አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ...» ብለው አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ።

ጋሽ ሜትሮ ብድግ አሉ፤ ጉልበታቸውን ረስተውታል። ያን ያህል ጊዜ በደነቆረ ጆሮ ላይ ሲጮኹ የከረሙት፣ ጆሮ የማያስፈልገውን ቋንቋ አብረው ከሚያውቁት ሰው ጋር ኖሯል። አቤት የሰው ነገር! መድኃኒቱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ይታመማል።

«አምጪው» አሉ። «አምጪው እስኪ ልየው።»

መምህርት ከደስታዋ የተነሣ በጣም ቀጭንና በጣም አዲስ የሆነውን፣ ራሷ ስትመኘው የከረመችውን አነሣች። ትንሽ ነው፤ ኪስ ይገባል፤ ቅልጥፍናው ሌላ ነው። ስለ ውስጡ አንድ ባንድ ስትዘረዝርላቸው ጋሽ ሜትሮ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ።

«የማንን ልክ ወስደሽ ነው የመረጥሽልኝ?» አሏት።

«እንዴት፣ ጋሼ?»

«ደንበኛዬን ሳልለካ፣ እኔ የወደድኩትን ኮት ሰፍቼ ልበስ ብለው ያጠልቀዋል? ይኼ ያማረሽ አንቺን ነው። እኔንና እትዬን ለኪን።»

መምህርት ፊቷ ቀላ። ስንት ልጅ ነው ለእናት ለአባቱ ራሱ ያማረውን ገዝቶ፣ ኋላ «አልቻሉበትም» ብሎ የሚያማቸው! እሷ ግን ስህተቷን ማመን የተማረች ነበረችና ዕቃውን መልሳ ብዕርና ወረቀት አወጣች። የት ተቀምጠው እንደሚያወሩ፣ ቤታቸው ኢንተርኔት ይኑር አይኑር፣ እጃቸው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ሲቸግራቸው ማንን እንደሚጠሩ ትጠይቅ ጀመር።

ልኩ በሱቁ መሃል ተወሰደ። ባለሱቁ ጥፋቱን ሊያስረሳ ሽር ጉድ እያለ፣ መምህርት ወዲያ ጥግ ሄዳ ከአንዱ ታብሌት ወደ ሌላው ደወለች። ጋሽ ሜትሮ ከዓይናቸው እስከ ታብሌቱ መስታወት በሜትር ለክተው ተቀመጡ። በትንሹ ላይ ከንፈሯ የሸሚዝ ቁልፍ አከለ፤ የሚያነቡት ጠፋቸው። በትልቁ ላይ ግን ከኮት ቁልፍ በለጠ፤ ያለችውን ሁሉ መለሱላት። ትልቁ ሲይዙት ከበዳቸው። ይሁንና ለዚህ ንግግር ሁለቱም እጅ ነፃ መሆን አለበትና፣ ዕቃው ራሱ ችሎ እንዲቆም መደገፊያ ያለው ሽፋን ታዘዘ። ቤታቸው ኢንተርኔት ስለሌለ ሲም ካርድ የሚቀበለው ተመረጠ። ፊደሉም እንዲገዝፍ ተደረገ፤ መስታወቱ ላይ ከተደረደረው ሥዕል ሁሉ ደግሞ አራቱ ብቻ ቀርተው ሌላው ከፊታቸው ዞር አለ።

ሁሉም ካማረ በኋላ «ይንኩት» ተባሉ። ነኩት፤ ዝም አላቸው። ደግመው ጠበቅ አድርገው ነኩት፤ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል እንጂ አይከፈትም።

«አልፈለገኝም» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ። «ብያለሁ እኮ፤ የኔ ዘመን አይደለም።»

ባለሱቁ እየተንደረደረ መጣ። መስታወቱን የሚወጉት ለካ በዚያች የብረት ቆብ ኖሯል! አርባ ስምንት ዓመት ሥራን ሲጀምር የኖረ ጣት ሌላውን ጣት አያስቀድምም። ቆቧ ወለቀች፤ ሆኖም ከሥሯ ያለው ቆዳ መርፌ ያደነደነው ነውና እሱንም መስታወቱ አልፎ አልፎ እንጂ አልሰማው አለ። መምህርት ጫፉ ለስላሳ የሆነ ለዚሁ የተሠራ ብዕር አመጣችላቸው። በሱ መታ ሲያደርጉት ታብሌቱ ቦግ አለ፤ ጋሽ ሜትሮም አብረው ቦግ አሉ።

«አሁን እንደውል» አሉ። መምህርት ቤትዎ ገብተው፣ ተረጋግተው ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ።

የእህታቸው ልጅ ቤት ለልጆች ትምህርት የተገዛ ትልቅ ታብሌት ነበር። ወደዚያው ተደወለ። ልጅቱ ብቅ ብላ ባጎቷ ፊት ደንግጣ የሆነ ነገር ጮኸች፤ በረዶው ቆርቆሮው ላይ ይንጎደጎዳልና አልተሰማም። መስታወቱ ተወዛወዘ፤ መጋረጃ አለፈ፤ ወንበር አለፈ። ከዚያ እትዬ በመስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው ታዩ።

እትዬ መጀመሪያ ፎቶ መሰላቸው። ፎቶው እጁን ሲያነሣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ጋሽ ሜትሮ ድምፅ ሳያወጡ፣ ከንፈራቸውን ቀስ እያደረጉ፣ «እትዬ፣ አልተቀየምኩሽም፤ መላው ጠፍቶኝ ነው» አሉ።

አሮጊቷ ትከሻቸውን በሁለት ጣት መታ መታ አደረጉ፤ አለቃ መጣ ማለታቸው ነው። ጋሽ ሜትሮ በሳቅ ፈነዱ። ሁለት ሰዎች ሩቅ ለሩቅ ሆነው እጃቸው እየተሽቀዳደመ፣ ያለፈውን ዓመት ሁሉ ይተርኩት ገቡ። መምህርት ከጎን ቆማ አንዲት ቃል ሳይገባት እንባዋ ይወርዳል።

በመጨረሻ የእትዬ እጅ ቆመና ወደ ወንድማቸው ደረት ጠቆመ። ከንፈራቸው፣ «ቁልፍህ የታለች?» አለ።

ጋሽ ሜትሮ ጎንበስ ብለው አዩ። የቡናማ ኮታቸው ሁለተኛዋ ቁልፍ የለችም። ከመቼ ጀምሮ እንደሌለች እግዜር ይወቅ፤ የሰውን ሁሉ ትከሻ ሲለኩ የሳቸውን ደረት የሚያይ አልነበራቸውም። ያን ጊዜ አለቀሱ፤ አልደበቁትም።

ያ ቀን ካለፈ ወዲህ ጋሽ ሜትሮ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ በትልልቅ ፊደል ያነባሉ፤ ሐኪማቸው የሰጣቸው ቀጠሮ ሲደርስ ታብሌቱ ያስታውሳቸዋል፤ የእህታቸውን የልጅ ልጆች በስም ለይተዋል። ሐሳብ ምግብ ያስተዋቸው እትዬም መብላት እንደ ጀመሩ ልጃቸው ነግራቸዋለች። በሰፈሩ ለወላጁ ታብሌት ሊገዛ የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ እሳቸውም ሜትራቸውን አውርደው፣ «ውዱን ተወው፤ ዓይናቸው እንዴት ነው? እጃቸውስ? ማንን ነው የናፈቁት?» ይላሉ። ዕድሜ ለመማር ዳር ድንበር የለውም፤ ያስተማሪው ፋንታ ደግሞ መለካት ነው። ይህን መምህርትም ዛሬ ለተማሪዎቿ ታስተምረዋለች።

ነገሩን ከመጨረሴ በፊት ግን የማግሥቱን ልናገር። ጋሽ ሜትሮ በዚያው በገዙት ጥቁር ክር በጠፋችው ቦታ ሌላ ቁልፍ ተክለው፣ ደረታቸውን ነፍተው ታብሌቱ ፊት ተቀመጡ። እትዬ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። ጥቁር ክር በቡናማ ኮት! ሁለት ቡጢያቸውን አጋጠሙና ወዲያና ወዲህ ሳቡ። የሰባ ሦስት ዓመቱ ሽማግሌም መቀሳቸውን አንሥተው፣ እህታቸው እያዩዋቸው፣ እንደ ታዘዙት ፈቱት።