ለሯጭ የሚደረግ ሽኝት

አቶ ኩማን ያገኘናቸው ሳናስበው ነው። ከደስታነሽ ጋር ከገበያ ስንወጣ፣ በአንድ እጃቸው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው፣ በሌላው ወይፈን እየሳቡ ወደ ሰፈራችን ወደ አዲስ ከተማ ሲያቀኑ ደረስንባቸው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አዋሳ ከተመደብኩ ጀምሮ ጎረቤቴ ናቸው፤ ቀበሌው የሰጠኝ ክፍልና የእሳቸው ግቢ አንድ አጥር ይጋራሉ። ከብት ነጋዴ ናቸው። ደስታነሽ ደግሞ አስተማሪና ሯጭ ናት። ውጭ አገር ሄዳ ተወዳድራለች፤ የእሳቸውን ልጅ ታቢታንም ለሩጫ ያሠለጠነቻት እሷ ናት።

«ጋሼ ኩማ፣ ሠርግ አለ እንዴ?» አለች ደስታነሽ።

«ከሠርግ ይበልጣል! ታቢታ ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ለውድድር ወደ ቡልጋሪያ መሄዷ ጠፍቶሽ ነው? ረቡዕ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል። ጥሬ ሥጋው ይቆረጣል፤ ከቆጮ የሚሠራው ቡርሳሜ በቅቤ ይዋኛል። ሁሉም በየተራ ያጎርሳታል፤ ከዚያ እመርቃታለሁ።»

ደስታነሽ ፊቷ ተለወጠ። «ይህን ነገር ቤት ገብተን ብንነጋገርበት ጥሩ ነው» አለችና ተከተለቻቸው። እኔም አብሬ ገባሁ።

በሰፈራችን መንገደኛ ሳይጎርስ አይሸኝም። ጉርሻ መመለስ ያጎረሰውን መናቅ ነው፤ ያልጎረሰ ደግሞ ምርቃት አያገኝም። ታቢታ ያለ አባቷ ምርቃት ከደጃፍ እንደማትወጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ታቢታ ግቢው ውስጥ ቱታዋን ታጥባለች። ወይፈኑ አጥሩ ላይ ታሰረ፤ እኛም በረንዳው ላይ ተቀመጥን።

«በርሊን ላይ የቀደመችኝ ጀርመናዊት እንዳትመስልዎ» ብላ ጀመረች ደስታነሽ። «በሽኝቴ ማታ የጎረስኩት የአክስቴ ክትፎ ነው።»

አቶ ኩማ ሳቁ። «ክትፎም መሮጥ ጀመረ በይኛ!»

«አይ፣ እኔን ነው ያስሮጠኝ፤ ወዴት እንደሆነ አይጠይቁኝ። አውሮፕላን ውስጥ የጀመረኝ ሕመም እስከ ውድድሩ አልለቀቀኝም። መነሻው መስመር ላይ የቆምኩት አቅሜ ተሟጦ ነው።»

«የአክስትሽ ሥጋ የሰነበተ ይሆናል። የእኔ ይኸው በእግሩ ነው የመጣው!»

«ትኩስም ቢሆን ጥሬ ጥሬ ነው፣ ጋሼ። የኮሶ ትልን ማን አይቶ ዋጠው?»

«እኛ በጥሬ ሥጋ ነው ያደግነው። እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ ሆዳችሁ ሳሳ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ የዩኒቨርሲቲዋ፣ ምን ትያለሽ?»

«ደስታነሽ ያለችው እውነት ነው» አልኩ። ከዚህ በላይ ለመናገር ድፍረት አላገኘሁም።

አቶ ኩማ ቅቤውን ጎናቸው አስቀመጡ። ጭንቀታቸው ሥጋው ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። «እሺ፣ ሥጋው ይቅር እንበል። ዘመዶቼስ? ‹ኩማ ልጁን በባዶ ሆድ አባረራት› አይሉኝም? የዘመድ እጅ የመለሰች ልጅ በምን አፌ እመርቃለሁ? አልመርቅም!»

«ካልመረቁኝ አልሄድም» አለች ታቢታ ከልብሷ ላይ ቀና ሳትል።

የዓመታት ልምምድ በአንድ ማዕድ ምክንያት ሊቀር ነው ብዬ አዘንኩ። ታቢታ ግን ቱታዋን ጨምቃ ገመዱ ላይ ካሰጣች በኋላ ወደ አባቷ መጣች።

«አባባ፣ ከብት ወደ ሻሸመኔ ሲነዱ፣ በዋዜማው ለምን እርጥብ ሣር አያበሉም?»

«ሆዳቸው ተነፍቶ የጥቁር ውሃን ወንዝ ሳይሻገሩ ይተኙብኛላ! የለመዱትን ደረቅ ነገር በልክ ነው የምሰጣቸው።»

«ለእኔስ?»

አቶ ኩማ ዓይናቸው ፈጠጠ። «ራስሽን ከበሬ ጋር ልታወዳድሪ ነው?»

«አይደለም። በሬው ገበያ እስኪደርስ የሚያስቡለትን ያህል ያስቡልኝ ማለቴ ነው።»

ደስታነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አቶ ኩማ ለመቆጣት ተነሡ፤ ከዚያ ወይፈኑንም ልጃቸውንም አዩና ተመልሰው ተቀመጡ። «ይህች ልጅ ከብት ብትነግድ እኔ ጾሜን ባደርኩ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዘመዶቼንስ ምን ልበላቸው?»

«ረቡዕ ይምጡና ይመርቋት፤ እሷ የበሰለውንና የለመደችውን ትብላ። ድግሱ ስትመለስ ይሁን» አለች ደስታነሽ።

«ካሸነፈች ነዋ?»

«ብትሸነፍም፣ ጋሼ። ልጅዎ ናት።»

«እሺ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በሰው አገር ሆዷን ቢያማት እኔ አጠገቧ የለሁም። ሌላስ? አዲስ ጫማ ገዝቼ ሻንጣዋ ውስጥ ከትቻለሁ።»

«አዲሱን ለሽርሽር ታድርገው፤ መሮጫዋ እግሯ የለመደው አሮጌው ነው» አለች ደስታነሽ። ከዚያ ወደ ታቢታ ዞረች። «እሱንም ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺ። አውሮፕላን ሲቀየር ሻንጣ መንገድ ላይ ይቀራል። ጫማሽን፣ የመሮጫ ልብስሽንና ፓስፖርትሽን ከእጅሽ አትለዪ። አውሮፕላን ውስጥ ውሃ ጠጪ፤ እየተነሣሽ እግርሽን አፍታቺ። ስትደርሺ ቢደክምሽም የአገሩ ሰው ሲተኛ ተኚ። ከውድድሩ በፊት የማታውቂውን ምግብ አትቅመሺ። ማንም ክኒን ቢሰጥሽ ለቡድኑ ሐኪም ሳታሳዪ እንዳትውጪ።»

«በሶስ? እሱም ተከለከለ?» አሉ አቶ ኩማ።

«በሶማ ትያዝ!»

«ተመስገን፣ አንድ ነገር ተረፈን!»

ረቡዕ ዘመድ መጣ። ያጉረመረመ አልጠፋም፤ አቶ ኩማ ግን ነገሩን ራሳቸው አስረዱ፤ የሻሸመኔውን መንገድም ሳይቀር ጠቀሱ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ በዝግታ ተጸለየ። አቶ ኩማም እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው መረቋት።

ታቢታ በጤና ሄዳ በጤና ተመለሰች። ሻንጣዋ የደረሰው ከውድድሩ በኋላ ነበር፤ እሷ ግን በራሷ ጫማ፣ ሆዷም ሳይታወክ ሮጣ ስድስተኛ ወጣች። ሽኝቱ ቢለወጥም ዘመድ ድግሱን አላጣም፤ አባትም ክብራቸውን አላጡም። ሯጯም የልፋቷን ሁሉ ፍሬ ይዛ መነሻው መስመር ላይ ለመድረስ በቃች። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ለውድድር የሚሄድ ልጅ ሁሉ በምርቃት ይሸኛል፤ ሲመለስ ይደገስለታል።

በመመለሻዋ ድግስ ላይ አንድ ዘመዳቸው ሥጋውን እየቆረጠ፣ «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስድስተኛ ለመውጣት ነው?» ብሎ አሾፈ።

«ከኋላዋ የቀሩትን አገሮች ልጥራልህ?» አሉ አቶ ኩማ ደረታቸውን ነፍተው። ሁለቱን ጠርተው ቆም አሉ። «ታቢታ! ነይ የቀሩትን ንገሪው፤ እኔ ገና አላጠናኋቸውም።»